ከመንገዱ ማዶ የመጣ «ቀናሽ?»

መጀመሪያ የማበጠሪያውን ቀጭን ጭራ ግንባር መሃል ላይ ታሳርፋለች። ሳታነሳው ወደ ማጅራት ትስበዋለች፤ ፀጉሩ ለሁለት ይከፈላል። ዓይኗን ስለማታምን የከፈለችውን መስመር በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ ታየዋለች። ከተጣመመ አፍርሳ እንደገና። ቀና ካለ የግራውን ጎን በመቆንጠጫ ታስይዝና ከቀኙ በኩል፣ ከግንባር ሥር፣ ትንሽ ፀጉር ቆንጥራ ለሦስት ትለያለች። የቀኙ ወደ መሃል፣ የግራው ወደ መሃል፤ በየዙሩ ከሥር ትንሽ እየጨመረች፣ ትንሿ ጣቷ የሚቀጥለውን ቀድማ እያዘጋጀች። ጉንጉኑ ማጅራት ሲደርስ ጫፉን በክር ታስራለች። በመጨረሻ የደንበኛዋን አገጭ ከፍ አድርጋ፣ «እስቲ ቅንድብሽን አውርጂ» ትላለች። ቅንድቡ አልወርድ ካለ ሥራው አልቋል።

ሰፈሩ «ጥብቄ» የሚላት ለዚህ ነው።

ጥብቄ ለብዙ ዓመታት በአንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር ሁለት ወንበር ይዘው ሠርተዋል። ጓደኛዋ እጇ ላላ ያለ ስለሆነ «ለስላሳ» ትባላለች። ሹሩባዋ ቶሎ እንዳይፈታባት የምትፈልግ ጥብቄ ጋ ትቀመጣለች፤ የመጀመሪያውን ሌሊት መተኛት የምትፈልግ ለስላሳ ጋ። በደንበኛ ተጣልተው አያውቁም።

ከዚያ አከራያቸው ክፍሉን ለልጁ ስልክ መጠገኛ ፈለገውና ልቀቁ አላቸው። ለስላሳ በእህቷ ባል በኩል ቶሎ አገኘች፦ ከመንገዱ ማዶ፣ ማዕዘን ላይ፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ፣ የቧንቧ ውኃ የገባለት ክፍል። ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው ብላ ያሰበችው ጥብቄ ለራሷ ሌላ ፍለጋ ወጣች። ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል አይታ ወዳዋለች፤ ሊሰጧት ቀጥረዋት ሄደች። ጫማዋን አቧራ አልብሳ፣ እጇን አጣጥፋ ተመለሰች። ለመድኃኒት ቤት ሰጥተውታል።

ለስላሳ መሰላል ላይ ወጥታ የሱቋን ጽሑፍ እየሰቀለች ነበር። አውቶቡስ መሃላቸው አለፈና ሲገለጥ አየቻት። እየሳቀች ከላይ ጮኸች፦

«አንቺ! ቀናሽ?»

ጥብቄ ቀና ብላ አየች። አዲሱ መስታወት ውስጥ ራሷን፣ ከራሷ በላይ ደግሞ የምትስቀውን ለስላሳን አየች። ፊቷን አዙራ ቤቷ ገባች።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ገና ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ሰው ፊት፣ መሰላል ላይ ቆማ፣ ቀናሽ አለችኝ!»

«እና ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? አዎ ልበላት?»

«ታዲያ አልቀናሽም እንዴ?»

ያን ቀን ራቱን ራሱ አሙቆ በላ።

ጥብቄ ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሳሎን ውስጥ መሥራት ጀመረች። ደንበኛ የወጥ ቤት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ከፊት ለፊት ቴሌቪዥን። ሥራው ቀንሷል፤ ቅናቱ ግን አላነሰም። ዳቦ ቤቱ ከቤቷ ጀርባ ሆኖ ሳለ በማዕዘኑ ሱቅ በኩል ዞራ መሄድ ለመደች። አዲስ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ተገዝቷል፤ አየች። መጋረጃ ተቀይሯል፤ አየች። መንገድ ላይ የለስላሳ እጅ የነካው ጭንቅላት ሲያጋጥማት ከኋላ ከኋላ እየሄደች፣ «ይኸው፣ ሳምንት ሳይሞላው ላልቷል» ትልና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ግን ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ነው። ማንም አይቀመጥበትም።

«ትርፍ ወንበር!» አለች ለባሏ። «ለጉራ!»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን የምትሠራው ድራማው በሚታይበት ሰዓት ነው። ድራማው ስለ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ሴት ነው። ባሏን ሐይቅ በልቶባት፣ ጀልባው ተሰብሮባት፣ የሰው ጀልባ ተከራይታ አማቷን ታስተዳድራለች። ልብስ ሰፊዋ ከእያንዳንዱ ክፍል ትምህርት ሳታወጣ አትነሳም።

«እያት፣ ወደቀች ተነሳች። ሕይወት እንዲህ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«የወደቀችው ፍራሽ ላይ ነዋ» ትላለች ጥብቄ። «ማዕበል መትቷት እንኳ ፀጉሯ ንቅንቅ አላለም። ማን ነው የሚሠራት ግን?»

በተዋናይዋ ፀጉር ሠሪም ቀንታለች ማለት ነው።

አንድ ቀን የድራማዋ ዓሣ አጥማጅ መረቧን ባዶ ይዛ ከሐይቁ ተመለሰች። አማቷ ዳር ላይ ቁጭ ብላ አሮጌ መረብ ትጠግናለች። ከሥራዋ ቀና እንኳ ሳትል ጠየቀቻት፦

«ቀናሽ?»

ጥብቄ ጉንጉኑን እንደጨበጠች ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። «ሰማሻት ይቺን? ባሏ ሞቶ፣ መረቧ ባዶ ሆኖ፣ ቀናሽ ትላታለች? በማን ልትቀና?»

ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯ ስለተያዘ ዞር ማለት አልቻለችም። «ምን በማን አለው? ዓሣ አገኘሽ ወይ ነው የምትላት!»

«አልቀናኝም፣ እማዬ» አለች ሴትዮዋ። አላለቀሰችም፤ ሙዚቃ እንኳ አልገባም። ቁጭ አለችና የመረቡን ሌላ ጫፍ ወደ ራሷ ስባ አብራ መጠገን ያዘች። አማትየዋ ክሩን ቆርጣ ግማሹን ሰጠቻት።

«አልቀናኝም…» አለች ጥብቄ በለሆሳስ። «አልቀናሁም…»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ምንም። ቅንድብሽን አውርጂ።»

«ገና ግማሹ አልተሠራም እኮ!»

ያን ዕለት ጠዋት ከገበያው ጀርባ ያለውን ክፍል ልትቀበል ስትወጣ በር ላይ የሸኘቻት ማን ነበር? ራሷ ለስላሳ። ምን ብላ? «ሂጂ፣ ይቅናሽ።» ጠዋት የመረቀችበትን ቃል ማታ ጠየቀችበት እንጂ ሌላ ምንም አላለችም። መሳቋም ቢሆን፣ ለስላሳ ሰዓት ስንት ነው ብላ ስትጠይቅም ትስቃለች።

ጥብቄ የተጀመረውን ጭንቅላት ጨረሰች፤ ሥራ ሥራ ነው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር መንገዱን ተሻገረች።

መስኮቱ አጠገብ አንዲት ቀጭን ሴት ቆማ ሹሩባ ትሠራለች። ወንበሩ ተይዟል። ለስላሳ መታጠቢያው ጋ ሆና እጇ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። አየቻት፤ አልሳቀችም።

«ምን ነበር፣ እህት?» አለቻት፣ አይታት እንደማታውቅ።

«ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱን ይዤ መጣሁ።»

«ምን ብዬ?»

«ቀናሽ ብለሽ። አልቀናኝም። ለመድኃኒት ቤት ሰጡት።»

ለስላሳ እጇን ከደንበኛዋ ፀጉር አወጣች። «ይኼን ለመናገር ክረምቱም በጋውም አለቀ?»

«ቀንቼ ነበራ!»

ካስክ ሥር የተቀመጡት ሳቁ። አንዷ ቀሪውን ለመስማት ካስኩን አነሳችው።

«በምን?»

«በመስታወቱ። በውኃው። በመጋረጃው…» እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። «በዚያ ትርፍ ወንበርሽ።»

«ትርፍ?» አለች ለስላሳ። «ያንቺ ነበር እኮ! ሰው ባዶ ወንበር ለምን ያዝሽ ሲለኝ፣ ባለቤቱ ተቆጥታለች እል ነበር። ከትናንት ወዲያ ነው ለሷ የሰጠሁት። እስከ መቼ ልጠብቅሽ?»

ቀጭኗ ሴት እጇን አቆመች። «ቦታውን ልልቀቅ እንዴ?»

ለስላሳ ጥብቄን አየቻት። ጥብቄ ደግሞ የሴትየዋን ሥራ አየች። «አዎ፣ ልቀቂ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። አውራ ጣቷን ዘርግታ በቀጭኗ ሴት ደንበኛ ራስ ላይ ያለውን መስመር ከግንባር እስከ ማጅራት ዳበሰችው። የትም አልተጣመመም። ቢጣመም ምን ያህል ደስ ባላት!

«ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። «መስመርሽ ቀና ነው።»

በማግስቱ የወጥ ቤት በርጩማዋን ተሸክማ መጣች። ክፍት የቀረው ቦታ መታጠቢያው አጠገብ ያለችው ጥግ ብቻ ናት። የሚታጠብ ሰው በመጣ ቁጥር ክርኗ ይረጥባል፤ ከመንገድ ደግሞ አትታይም። ደንበኞቿ ግን ተመልሰዋል። ለስላሳ ጠዋት ጠዋት ስትከፍት «ይቅናሽ» ትላታለች፤ ማታ ሲዘጉ «ቀናሽ?» ትላታለች። ጥብቄ አንዳንድ ቀን «ቀንቶኛል» ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መስኮቱን በአገጯ እያመለከተች፣ «ቀንቻለሁ» ትላለች።

ታሪኳን ልጽፈው እንደሆነ ስነግራት ማበጠሪያዋን አላስቀመጠችም።

«ነገር ያልተሳካለት ሰው በዚያው ቀን አልቀናኝም ይበል በልልኝ» አለች። «ያቺ ዓሣ አጥማጅ እንዳለችው። እኔ ስቆይ ወንበሬን አጣሁ። ደግሞ ለሚያነቡት ሁሉ አደራ በላቸው፦ ፀጉር ልትሠሩ ስትመጡ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ጋ አትቀመጡ። አልፋችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። መታጠቢያው አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ።»