ዝምታን የሚያዳምጠው ሰው

የድምፅ ማጉያ ሠሪው ሥራውን በዘፈን አይፈትንም። ማጉያውን ያበራል፣ ምንም ሳያጫውት ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ ከዚያም ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ዝምታውን ያዳምጣል። የኃይል ክፍሉ ደካማ ከሆነ፣ በዝምታው ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ነገር ይኖራል። እሱን ከሰማ የጨረሰውን ሥራ እንደገና ይፈታዋል።

ስድሳ ዓመት አልፎታል። የኮቱ አንድ ጎን ወደ ታች ተጎትቷል፤ በዚያ ኪስ ሽቦውን በእጁ የጠመጠመው፣ ለማጉያ ኃይል የሚመግብ ከባድ ትራንስፎርመር አለ። ከኤሌክትሪክ ጋር የሚውል ሰው ቀለበት አያጠልቅምና የእሱ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ፣ ለእሱ ጣት የማይሆን ሌላ ትንሽ ቀለበት አለ።

ትናንት አንድ የአዳራሽ ዕቃ ገዢ መጣ። የሃያ ማጉያ ትእዛዝ፣ በሩ ላይ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ለተለጠፈበት ሱቅ ነፍስ ነው።

«አባባ፣ ትራንስፎርመሩን ያሳንሱት፤ ሳጥኑን ብቻ ያሳምሩልኝ። ማን ከፍቶ ያየዋል?»

«ሲያነሡት ቢቀላቸውስ?»

«አሸዋ ጣል ያድርጉበታ!»

ገዢው ይህን የተናገረው ሳያፍር፣ እየሳቀ እንደነበር ይመዝገብ። ድምፁ ሲጎላ ኃይል ያጠረው ማጉያ የተናጋሪውን ቃል ሲውጥ፣ ጥፋቱ በሠሪው እንደሚላከክም አሳምሮ ያውቃል።

ሽማግሌው የትእዛዙን ወረቀት አጥፎ መለሰለት።

«አሸዋ ከፈለግህ፣ የኔ ልጅ፣ ግንበኛ ጋ ሂድ። ሱቁን ይውሰዱት፤ እጄን ግን አላበድርህም።»