ሹሙ ተስቦ ሊያይ የመጣ ዕለት

ይህን ሹም አንቱ እያልኩ አልጽፈውም። ያኔ በአፌ አንቱ ብየዋለሁ፣ ጎንበስ ብየም እጅ ነስቸዋለሁ፤ ይበቃዋል። የተቀመጠበትን ከተማ ስምም አልጠራም፤ ልጆቹ እስካሁን እዚያው ናቸው፣ እነሱ ምን አደረጉኝ? ጊዜው ጃንሆይ ዙፋን ላይ የነበሩበት፣ የኛ አገር ሰው ሐኪም ሲባል ከመኳንንት ወገን የሚመስለው ጊዜ ነው።

መንደራችን አገው ምድር፣ ከአዘና ወዲያ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። በበጋ ጠዋት የተነሳ ሰው ገበያ ውሎ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ እኛም ከድንቻችንና ከገብሳችን ጋር ተከርችመን እንቀመጣለን። በዚያ ዓመት ክረምቱ ገና ሲጀምር ተስቦ ገባ። መጀመሪያ አንድ ቤት፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያሉት ቤቶች በሙሉ። ሰው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ይቃዣል፣ ሚስቱን አያውቃትም። ቅማል እንደሚያስተላልፈው ያኔ ማን ነግሮን! እኛ የምናውቀው የታመመን ከሰው መለየት ብቻ ነው። ከኮረብታው ጀርባ፣ ከምንጩ ማዶ የቀርከሃ ጎጆዎች ተሠሩና የታመመ ሁሉ ወደዚያ ተወሰደ። ምግብ የሚያደርሰው ሰው ምንጩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና፣ ጮሆ ይጣራና፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይመለሳል።

ድንጋዩን አልፋ የምትሄደው ታላቅ እህቴ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው እኔ ቤት ነው። "ታዲያ ውሃ ማን ያጠጣቸው? አንቺ?" ትለኝና እንስራዋን ታዝላለች። እለምናታለሁ፣ እቆጣታለሁ፣ በር ላይ እገተራለሁ፤ ገፍታኝ ትወጣለች። ግትር ናት። እኔስ ከማን ወረስኩት!

ሽማግሌዎቹ ሐኪም እንዲላክልን ሊጠይቁ ወደ ሹሙ ወረዱ። ከተማው ውስጥ ጤና ጣቢያ እንዳለ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር እንዳለ፣ ድሬሰሩም ዘንድ ለተስቦ የሚሆን መርፌና ክኒን እንዳለ ግምጃ ቤት የሚባለው ገበያ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል። መንግሥት ግብር ሲሰበስብ መንደራችንን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኛታል፤ ሐኪም ሲባል መንገዱ ይጠፋዋል። ሙክትና ማር ይዘው ሄዱ። ሹም ፊት ባዶ እጅ መቆም ነውር ነዋ! ሰው እየሞተ፣ ለሚሞተው ሰው መድኃኒት ለመለመን ሙክት! ደጃፉ ላይ በዝናብ ቆመው "አቤት! አቤት!" ሲሉ ዋሉ። ሙክቱና ማሩ ወዲያው ወደ ውስጥ ገባ። እነሱ ደጅ ቀሩ።

አመሻሹ ላይ ሹሙ በረንዳው ላይ ብቅ አለላቸው። "ተስቦ መሆኑን ማን ነገራችሁ? ገበሬ ባስነጠሰ ቁጥር ሐኪም ልልክ ነው? በዓይኔ ሳላይ አንድ ሰው አላንቀሳቅስም!" አለና ገባ። ድሬሰሩ ዘንድ ሄዱ። እሱ ደግሞ "ጌታው ሳያዙኝ ከከተማ አልወጣም፤ በሽተኞቹን እናንተ አምጧቸው" አለ። በሞላ ወንዝ፣ ሰው ሊነካው ቀርቶ ሊያየው የሚፈራውን በሽተኛ በምን ተሸክመው ነው የሚያመጡት? ይህን የጠየቀው የለም። ሽማግሌዎቻችን ጭራሽ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። "ሹሙ ራሳቸው ሊመጡልን ነው!" አሉን። እልል ያለች ሴት ሁሉ ነበረች። ሞኝ!

ሊመጣ ነው እንደተባለ ሰነበተ። ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ እንግዳ አለበት፣ ከነገ ወዲያ በቅሎው አነከሰች። ከኮረብታው ጀርባ ሰው ይቀበራል፤ ቄሱ እንኳ ከሩቅ ነው የሚፈቱት። በዚህ መሀል አንድ ቀን እህቴ ከምንጩ ስትመለስ እንስራዋን ደጃፍ ላይ አውርዳ ግድግዳ ተደገፈች። ዓይኗ ቀልቷል። ልይዛት ብጠጋ "ወግጅ!" ብላ ጮኸችብኝ። ነጠላዋን ተከናነበችና በራሷ እግር ወደ ጎጆዎቹ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን አልፌ የምሄደው እኔ ሆንኩ።

ሹሙ የሚመጣበት ቀን በቁርጥ ሲታወቅ ጭቃ ሹሙ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰበ። ይህ ሰው የመንደራችን አለቃ ነው፤ አማርኛ አቀላጥፎ ስለሚናገር ሹም ፊት የምንናገረው በእሱ አፍ ነበር። "ነጭ ያለው ነጭ ይልበስ፤ ፈረስ ያለው ፈረሱን ይሸልም። ዳስ ይጣል፣ በሬ ይታረድ። በሽተኛ ግን ከኮረብታው ወዲህ ዝር እንዳይል!" አለ።

ጆሮየን አላመንኩም። "ሰውየው የሚመጣው በሽታ ሊያይ አይደለም እንዴ?" አልኩ።

"እንግዳ ፊት በሽተኛ ይቀርባል? ሰው ምን ይለናል?"

"ሐኪም የለመናችሁት ለማን ነው ታዲያ? ለፈረሶቹ?"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን በአገውኛም በአማርኛም ተቀባብለው ሰደቡኝ። ሴት ምን አገባት፣ እንግዳ ተቀብሎ የማያውቅ ቤት ልጅ፣ ባሏ አቀበጣት። ባሌም አንገቱን ደፍቶ አጠገቤ ቆሟል። በነጋታው ፈረሱ የሚለብሰውን ቀይ ግላስ አራግፎ፣ ቃጭሉን በአመድ ፈትጎ ሲሸልም ዋለ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ወንዶች ሁሉ ሲያብዱ ብቻውን ጤነኛ የሚሆን ሰው አልነበረም።

ሹሙ መጣ። ጥላ ተይዞለት፣ በሰባ በቅሎ፣ አጃቢዎቹን ከፊትና ከኋላ አሰልፎ። ድሬሰሩ ሳጥኑን አቅፎ ከመጨረሻው ይከተላል። ፈረሰኞቻችን ወንዙ ድረስ ወርደው ተቀበሉት፤ ከፊቱ እየጋለቡ፣ እየፎከሩ ሜዳው ላይ ጉግስ ተጫወቱለት። ያገሬ ሰው ፈረስ ላይ ሲወጣ ያምርበታል፣ እሱን አልክድም። ሰውየው እጁን እያጨበጨበ ይስቃል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። የመጣው ሠርግ ነው ብትሉኝ አምን ነበር።

ዳሱ ውስጥ ቁርጥ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ከሚያስተናግዱት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። አማርኛ ገበያ ለገበያ ቅቤ ስሸጥ ስለለመድኩ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ሹሙ ከጠገበ በኋላ አፉን ጠራርጎ፣ "እህሳ! የታለ ተስቧችሁ? ከኔ የተሻላችሁ ጤነኞች አይደላችሁም እንዴ?" አለና ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ጭቃ ሹሙን በክርናቸው ጎሸም ጎሸም አደረጉት፤ "ንገራቸው እንጂ!" አሉት በአገውኛ። ጭቃ ሹሙ ተነሳ። ካባውን አስተካከለ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ጎጆዎቹን ያሳያል ስል፣ "ጌታየ! የእርስዎን መምጣት ሲሰማ በሽታው ራሱ ሸሸ!" አይል መሰላችሁ!

ዳሱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ! የጨዋ አገር ሰው ችግሩን ከመናገሩ በፊት ሹሙን ያሞግሳል፤ ሙገሳው ሲያልቅ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ልማዱ ነው። ሹሙ ግን ሙገሳውን በቁሙ ወሰደው፤ ወይም እንዲመቸው ወሰደው፣ እግዜር ይወቀው። "እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲያስ ዝናብ ሳይመጣ በቅሎየ ትጫን" አለ። ጭቃ ሹሙ ካባውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ጌታው ከተናገሩ በኋላ ማረም ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ስንት ነውር አለን እናንተ! ሰው ሞቶ ማለቁ ብቻ ነው ነውር ያልሆነው።

እንደዚያ ቀን ተናድጀ አላውቅም። ማንቆርቆሪያውን እዚያው አስቀምጨ ወጣሁ። የባሌ ፈረስ ከነሽልማቱ ከዳሱ ጀርባ ታስሯል። ፈታሁት። እየጎተትኩ ኮረብታውን ዞርኩ፣ ምንጩን ተሻገርኩ። እህቴ ሳር ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ስሜን ትጠራለች እኔን ግን አታየኝም። አንድ በማገገም ላይ ያለ ሽማግሌ ረድቶኝ ኮርቻው ላይ አወጣናት። አንገቷ አልቆም ብሎ ፈረሱ ጋማ ላይ ተደፋች። "ምን ልታደርጊ ነው?" አለኝ ሽማግሌው። "ተስቦውን ለሹሙ ላሳየው" አልኩት።

ቃጭሉ እየተንኳኳ ዳሱ መግቢያ ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ ሌላ ፈረሰኛ መስሏቸው እልል ያሉ አሉ። ፊቷን ሲያዩ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ዳሱ በአንድ ጊዜ ተናወጠ፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፣ ጋኑ ተገለበጠ፣ ሲፎክሩ የዋሉት ጀግኖች በቀርከሃው አጥር ዘለው ወጡ። ሹሙማ ምኑ ይወራል! ጥላውም፣ አንድ እግር ጫማውም ቀርቶ፣ ኩታውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ በቅሎው ዘንድ ደርሷል። ያን ያህል ፈጣን መሆኑን ወንዙን ለመሻገር ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈጅ ማን ይገምት ነበር?

"ይኸውልዎ ጌታየ! ያልሸሸው ይኸውልዎ!" እያልኩ ፈረሱን ወደ እሱ ነዳሁ።

"አስወግዷት! አስወግዷት!" ይላል። ማን ይጠጋኛል? ድሬሰሩ ሳጥኑን አቅፎ መንገዴ ላይ ድርቅ ብሎ ቆሟል። እሱ ዘንድ ስደርስ እህቴ ከኮርቻው ተንሸራተተች። ሰው ሲወድቅ እጅ መቼ ሰው ያስፈቅዳል፤ ሳጥኑን ጣለና ተቀበላት። እንደታቀፋት ደንግጦ ቀረ።

ሹሙ በቅሎው ላይ ሆኖ ይህን አየ። "ነክተሃታል!" ብሎ ጮኸ። "ወደኔ እንዳትመጣ! እዚሁ ቅር! ክረምቱ ሳይወጣ ከተማየን እንዳትረግጥ!"

ሐኪም ያገኘነው እንዲህ ነው። ያ ሁሉ ሙክት፣ ያ ሁሉ ደጅ ጥናት ያላስገኘልንን የአንድ ሰው ፍርሃት አስገኘልን። ድሬሰሩ የመጀመሪያውን ሰሞን እኛንም ሹሙንም እየረገመ ሰነበተ። ግን መርፌውን ወጋ፣ ክኒኑን ሰጠ፣ ልብሳችንን አስቀቀለ፣ ራሳችንን አስላጨ። መድኃኒት ሲያልቅበት የሹሙ አጃቢዎች ከከተማ አምጥተው ከወንዙ ማዶ ጥለውለት ይሄዳሉ። ከኮረብታው ጀርባ ያሉት አንድ በአንድ በእግራቸው ወደ መንደር ተመለሱ።

እህቴ አልተመለሰችም። መርፌው ሲደርስላት በጣም ዘግይቶ ነበር፤ ድሬሰሩ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹ የጠየቁ ሰሞን መጥቼ ቢሆን ኖሮ ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ያጠጣቻቸው ሰዎች ተሸክመው ቀበሯት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ መሰላችሁ? ሹሙን እናመስግን! "ሐኪም ልከው አዳኑን።" አሁንም ሙክት፣ አሁንም ማር። ጭቃ ሹሙ ደግሞ ወደ እኔ መጣና፣ ጌታውን በአደባባይ ስላዋረድሽ ድንጋይ ተሸክመሽ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ አለኝ። ባሌ የማልሄድ መስሎት ሊለምነኝ ሲዘጋጅ፣ "እሄዳለሁ" አልኩ። ሁሉም ተገረሙ።

በረንዳው ሥር ድንጋዩን ትከሻየ ላይ አድርጌ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆምኩ። ሹሙ ከነአጃቢዎቹ ወጣ። አዲስ ጫማ አድርጓል። ጭቃ ሹሙ እንደ ልማዱ አሞገሰው፤ አባታችን፣ መድኃኒታችን፣ ነፍሳችንን ያተረፉ። ሰውየው በግራም በቀኝም አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያም እንደ አዘነ ሰው ፊቱን ቋጠረና፣ "ብቻ አንድ ነገር አጥፍታችኋል። በሽታው ሲገባ ለምን ቶሎ አልነገራችሁኝም?" አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እንኳ አልተያዩም። ሁሉም እኩል ጎንበስ አሉ። "ጥፋቱ የኛ ነው ጌታየ" አሉ።

ድንጋዩን መሬት ላይ ጣልኩት።

"ነግረንዎታል" አልኩ። "ስንነግርዎት እህቴ ጤነኛ ነበረች።"