ሽፋን የሌለው ልብ ወለድና የለሊሴ ደብተር

«እዛ ሄደሽ ማንን ታምኛለሽ?» አለኝ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መንዝ ውስጥ ዘመሮ መናኸሪያ የበግ ፀጉር ባናዬን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ። ሊነጋጋ ሲል ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ የረገጥኩት ቢሮ ሁሉ ከዲግሪዬ በፊት የድርጅት አባል መሆኔን ነበር የሚጠይቀኝ። ሰው ማመን ከውስጤ ተሟጧል።

መታወቂያ ሳወጣ እንኳ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ክርስትና ስነሳ ጠላ የጠጡ ሰውዬ፣ ቀና ሳይሉ «ብሔር?» አሉኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ አያውቁኝም እንዴ?»

«እኔማ አውቅሻለሁ። ፎርሙ ነው የማያውቅሽ።»

በሞያሌ ወጥቼ፣ ስንት ድንበር በጭነት መኪናም በእግርም አቋርጬ ጆሃንስበርግ ገባሁ። መንገዱን አትጠይቁኝ፣ ገና አልወጣልኝም። ፓፕ የሚሉት ነጭ ገንፎ አላቸው፤ ቂቤ የለው በርበሬ የለው፣ የታማሚ ምግብ ነው። ክረምት መጣ ብለው ሲንቀጠቀጡ ደግሞ ሳቄ ይመጣል። አንድ ቀን የኛው ጓሳ ተራራ ላይ ባሳደርኳቸው!

ቤት አከራዩ ያገራችን ሰው ነው። ክፍሉን ሳያሳየኝ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አለ።

«የመንዝ።»

«ከለሊሴ ጋር ነው የምትኖሪው። የወለጋ ልጅ ናት። እንግዲህ እንዳትጣሉ።»

«ምን አድርጋኝ?»

«እስካሁን ምንም።»

በቃ፣ እሷ በጎን ታየኛለች፣ እኔም በጎን አያታለሁ። እሁድ እሁድ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ታወጣና ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ትውላለች። አንድ እሁድ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ደብተሩን ገለጥኩት። የሰው ስም ነው፣ ከላይ እስከ ታች። ዳንኤል፣ ሣራ፣ ሳሙኤል። ጎን ጎኑ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተጽፏል፣ አይገባኝም። ማርታ የሚለው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ማርታ እኔ ነኝ። ጆሮ ጠቢ! ጋሼ እኮ የመንግሥት አስተማሪ ነው፤ እኔ እዚህ የተናገርኩት እዛ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ስትመለስ ደብተሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ስሜን ለማን ልትሰጪ ነው?»

«ደብተሬን ማን ክፈቺ አለሽ?» ጮኸች። ከዛ ገጹን አየችና በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ሞኝ! የመጽሐፉ ሰዎች ናቸው። በዝተው ቢምታቱብኝ ነው የምጽፋቸው።»

«ቀዩስ?»

«ያቺ ማርታ ከሰፈሯ ተባረረች።»

«ጋዜጣውስ? ምን ልትደብቂ ነው?»

«ሽፋን የለውማ! ይልቅ አንቺ፣ ስልክ ስታወሪ የምታንሾካሹኪው ለማን ነው? ስፈራሽ ነው የከረምኩት።»

«ለወንድሜ ነዋ!»

አንብቡ የምላችሁ ያንን መጽሐፍ ነው፤ እኔም ከሷ ተውሼ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ነው። ርዕሱን አላውቀውም፣ ከመንገድ ላይ ስትገዛው የፊት ገጾቹም አልነበሩም። ግን ታሪኩን ከሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይተው በሚኖሩበት ዘመን ነው፣ እዚሁ አገር። ማርታና ሣራ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ የቢሮ ሰው መጥቶ ፀጉራቸው ላይ እርሳስ ይሰካል። የሣራ እርሳስ ወደቀ፣ ነጭ ተባለች። የማርታ አልወደቀም። እህትማማቾቹ በዛ እርሳስ ሁለት ሰፈር ገቡ።

እኔን የያዘችኝ ግን ጎረቤታቸው ናት። ዳቦ በጋገረች ቁጥር የምታካፍላቸው ሴትዮ፣ ማንም ሳይጠይቃት በእግሯ ቢሮ ሄዳ «የትንሿን፣ የማርታን ፀጉር እዩት» ትላለች፤ ባለእርሳሱን ያመጣችው እሷ ናት። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ፈርታ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ያን እሁድ ለሊሴ ትንሽ ብትዘገይ አከራዩ ጋ ሄጄ «አስወጣልኝ» ልለው ነበር። ጫማዬን አድርጌ ነበር።

መጨረሻው አካባቢ ደራሲው በፍቅር ያንዛዛዋል፣ እሱን ዝለሉት። የጎረቤቷን ምዕራፍ ግን ሁለቴ አንብቡት፣ እዛ አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ በየሱቁ በብሔር ተቧድናችሁ የምትተያዩትም።

ባለፈው ጋሼ ደወለ። ስልክ ላይ ከገብስና ከዝናብ ሌላ አያወራም፣ ይፈራል።

«ገብሱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አንቺስ ከማን ጋር ነው ያለሽው?» አለና ደነገጠ። «ተይው፣ በስልክ አትንገሪኝ።»

ለሊሴ አልጋዋ ላይ ሆና ካልሲዋን ትሰፋለች። ድምፄን አልቀነስኩም።

«ከለሊሴ ጋር ነኝ፣ ጋሼ። የወለጋ ልጅ ናት። እሷን አምናታለሁ።»