መጋረጃ የተሰቀለበት ዘንግ

እህቴ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ቀረ። የአባቴ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አበባ የታተመበት መጋረጃ ተሸክሟል። ዘንጉ ለሁለት ይከፈላል፤ ሌላኛውን ቁራጭ መኝታ ቤት ሌላ መጋረጃ ይዞ አገኘሁት። ደሜ ፈላ።

ለማያውቀው ሰው ተራ ዱላ ነው። ፋይበርግላስ፣ ቡናማ፣ እጀታው ቡሽ። አባቴ በሾፌርነት ያገለገላቸው ፈረንጅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰጡት። እስከ ባሌ ወንዞች ድረስ አብረው ይሄዱ ስለነበር የመንጠቆ አጣጣሉንም ከእሳቸው ተምሯል። መንጠቆው ላይ ትል አይሰካም። ከዶሮ ላባ ዓሣ የምታታልል ዝንብ ይሠራና ውኃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ካዛንቺስ በነበርንበት ቤት ዘንጉ ከአልጋው በላይ ሁለት ምስማር ላይ ተጋድሞ ይኖር ነበር። ለበዓል ቤት ሲቀባ እንኳ ከእሱ በቀር ማንም አያወርደውም።

ሰፈሩ ሲፈርስ አባቴ እህቴ ጋ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባ። እኔ ቂርቆስ የተከራየኋት ቤት ጠባብ ናት። ቦታ የለኝም ብዬው ነበር።

ከሁሉ ያናደደኝ የቀለበቶቹ ነገር ነው። ዘንጉ ላይ ከታች እስከ ላይ የማጥመጃው ክር የሚያልፍባቸው ትናንሽ የብረት ቀለበቶች ነበሩ። መጋረጃውን እየያዙ አስቸገሩኝ ብላ በምላጭ ልጣ አውልቃቸዋለች።

«ጠይቄው እኮ ነው» አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም። «ይሁን አለኝ። ማለቴ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።»

«ምላጭ ይዘሽ ስትመጪ ምን ይበልሽ?»

አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። እሱ ዝም ባለ ቁጥር እኔ ባሰብኝ። መጋረጃዎቹን አውርጄ ዘንጉን ታቅፌ ወጣሁ። መስኮቶቹ ራቁታቸውን ቀሩ፤ ይቅሩ አልኩ።

ቤቴ ወስጄ የቀረውን አሮጌ ክርና ሙጫ ፋቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጌ አሸሁት። ቂርቆስ የሐበሻ ቀሚስ የሚጠልፉ እናት ለቀለበቶቹ ማሰሪያ ቀይ ክር ሰጡኝ። «ለዓሣም ጥልፍ ተጀመረ?» ብለው ሳቁብኝ። ቀለበት ግን ከየት ይምጣ? አንድ ወርቅ ሠሪ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። ዘንጉን አገላበጠና «ወንድሜ፣ በቃ ይሄን ጥለህ አዲስ ግዛ» አለኝ። በዚህ ከተማ አሮጌ ነገር ያየ ሁሉ አፉ የሚቀናው ይህ ብቻ ነው፤ ጣለው።

ቀለበቶቹ ስንት እንደነበሩ ልጠይቅ እሁድ ዘንጉንና ቀዩን ክር ይዤ ጎተራ ሄድኩ። እህቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አባቴ በሩን አየት አደረገና ከኮቱ የውስጥ ኪስ የተቋጠረ መሐረብ አወጣ። ፈታው። ስምንቱም ቀለበቶች እዚያ ውስጥ ነበሩ።

«ልትጠርጋቸው ስትል ለቀምኳቸው» አለ።

«አባዬ፣ ታዲያ ለምን አልተቆጣሃትም?»

«ሰው ቤት ተቀምጬ መጋረጃ ልከልክል?»

«ልጅህ ናት እኮ።»

«ልጄማ ናት። ቤቱ ግን የእሷ ነው።»

ይህ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንድ ቀን ይገድለናል። ዕድሜ ልኩን ያሳደጋትን ልጅ እንደ ባዕድ እየፈራ፣ የገዛ ንብረቱን እንደ ሌባ ኪሱ ውስጥ ይደብቃል። እንደተናደድኩ ሥራ ጀመርን። እሱ ዘንጉን እያዞረልኝ እኔ ክሩን ጠመጠምኩ፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መቆማቸውን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየልኝ። ከዚያ ወስጄ ቫርኒሽ ቀባሁት።

ሲደርቅ ይዤለት ሄድኩ፤ ግቢው ውስጥ ሁለቱን ቁራጭ ገጣጥሞ ያስቀመጠውን የማጥመጃ ክር በቀለበቶቹ አሳለፈ። እጁን አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት አደረገ። ክሩ አየሩ ላይ ተዘርግቶ ሲሚንቶው ላይ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ። ከካዛንቺስ ከወጣን ወዲህ ጥርሱን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ዘንጉን ነቃቀለና መልሶ ሰጠኝ።

«አንተ ጋ ይሁን። እዚህ ቦታ ይይዝባታል።»

«ከአልጋዬ በላይ ሁለት ምስማር እመታለታለሁ» አልኩት።

«ቦታ አለህ?»

«አለኝ» አልኩ፣ ሳላስብ።

ቀና ብሎ አየኝ። የደረጃውን ብረት ተደግፎ ቀስ እያለ ወደ ሰው ቤት ወጣ።