የተራ አስከባሪው ጾም

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ የሚጭኑ ታክሲዎች የሚቆሙት ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ታክሲ በቆመ ቁጥር የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግለታል፤ ታኮ እንለዋለን። ታኮውን የሚያስገባውም የሚያወጣውም፣ ሰልፉን የሚያስይዘውም ተራ አስከባሪው አካሉ ነው። ሰፈሩ ጋሽ አካሉ ይለዋል። ስለ ቅድስና ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ለዚያ የተማሩ መምህራን አሉ። ብቻ በየጠዋቱ እዚያ ሰልፍ ላይ እቆማለሁና፣ ባለፈው ፍልሰታ ያየሁትንና ኋላም አካሉ ራሱ የነገረኝን ባወራው ነውር አይሆንብኝም ብዬ ነው።

አካሉ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም ነው። ከታች እስካለው ድልድይ ይሰማል ይባላል። ስድቡም የታወቀ ነበር። አህያ፣ ደደብ ብሎ የሚያልፍ ተሳዳቢ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ሰፍቶ ያለብሰዋል። ጎኑ የተላላጠ ታክሲ ይዞ ለመጣ ሾፌር፣ «ይቺን መኪና በመንገድ ነው የነዳሃት በግድግዳ?» ይላል። ታክሲው ከሞላ በኋላ በሩን ይዞ ለሚለማመጥ ተሳፋሪ፣ «ጌታው፣ ወይ ይቅጠኑ ወይ ይጠብቁ» ይላል። ለይኩን የሚባል ወጣት ሾፌር አንድ ቀን ተራ ዘሎ ሲገባበት ደግሞ፣ «ጥርሶችህ እንኳ ሰልፍ አይጠብቁም፤ አንተ ከማን ትማረው» አለው። የለይኩን ጥርሶች የተደራረቡ ናቸው። ያን ቀን በሰልፉ ላይ ያልሳቀ ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ዲንቄ የእንጦጦ ገበሬ ልጅ ናት። በሽማግሌ ተጋብተው ሦስት ልጆች አሳድገዋል፤ ግን አልቆረቡም። ልጆቹ ራሳቸውን ከቻሉ ወዲህ የዲንቄ ሐሳብ ሁሉ ቁርባን ሆነ። «ሰው መርቆ አጋባን፤ እግዚአብሔር ፊት ግን ገና አልቆምንም» ትላለች። ብቻዋን ደግሞ አትቆርብም፤ ባልና ሚስት በአንድነት ነው።

በሐምሌ መጨረሻ ሁለቱም ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ታዴዎስ ሄዱ።

«አልሰረቅኩ፣ አልሰከርኩ፤ ጾምም ገድፌ አላውቅ፣ አባ» አለ አካሉ።

«እሱንስ አውቃለሁ» አሉ መምሬ። «የበሬውን ሥጋ ትጾማለህ። የሰውን ሥጋ ግን በየጠዋቱ ትበላለህ። እኔም እኮ እዚያው ሰልፍ ላይ ነው የምቆመው።»

ዲንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትሳቅ ትዘን አልታወቀም።

«ዘንድሮ ፍልሰታን በአፍህም ጹምልኝ። አንድም ሰው ሳትሰድብ ነሐሴ አሥራ ስድስት ከደረስክ፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ሁለታችሁም ትቆርባላችሁ። ካልሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።»

«አባ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«ሥራህ ተራ ማስከበር ነው» አሉ መምሬ።

ዲንቄ በማግስቱ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ለሁለቱም ልብስ ማሰፋት ጀመረች። አካሉ ልብሱን ባየ ቁጥር የቀሩትን ቀናት ይቆጥር እንደነበር ነግሮኛል።

ጾሙ በገባ ዕለት አካሉ ዝም አለ። ፈጽሞ ዝም አለ። በዝምታ ግን ፈረንሳይ ላይ ተራ ማስከበር አይቻልም። ዝናብ ነበር፤ ሰልፉ መጀመሪያ ጎበጠ፣ ቀጥሎ ሁለት ሆነ፣ በመጨረሻ የድግስ ቤት በር መሰለ። ለይኩን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ አካሉ፣ አፍህን ምን ወሰደብህ?» ሲለው አካሉ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

ይህን የሰማችው ዲንቄ ፊሽካ ገዛችለት። ፊሽካው አንድ ቀን በደህና ሠራ። ከዚያ እሱም መሳደብ ጀመረ። አንድ ረዳት ቀርቦ፣ «ጋሽ አካሉ፣ አሁን የነፋኸው ስለ እናቴ አይደለም?» ሲል ሰልፉ ሳቀ፤ አካሉም ደንግጦ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ።

በመጨረሻ ያገኘው መላ ምርቃት ነበር። ተራ የዘለለውን ሁሉ ይመርቅ ጀመር። ግን ድምፁ ያው ነው፣ የእጁ አወራወርም ያው ነው። «እመቤቴ ዓይንህን ታብራልህ፣ የሰልፉ ጭራ ወዲያ ነው።» «ያሳድግህ፣ ሃምሳ ዓመት አልበቃህም።» «ልጆችህ በናታቸው ይውጡ፤ አሜን በል እንጂ።» ሾፌሮቹ ከስድቡ ይልቅ ምርቃቱን ፈሩት። ተሳፋሪውም ወደደው፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ ብሎ ታክሲ ያሳለፈ ሰው አውቃለሁ። አካሉ እንደ ጥንቱ ደረቱን ነፋ። ቤቱ ገብቶ ለዲንቄ፣ «ዛሬ ብቻ አርባ ሰው ሳልመርቅ አልቀረሁም» ይላት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መምሬ ታዴዎስ እንደ ልማዳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው ነበር። ካህን ናቸው ብሎ ሰው ወደ ፊት ቢጋብዛቸውም እሺ ብለው አያውቁም። ጭምት ብለው ምርቃቱን ሁሉ ሰሙ። ተራቸው ሲደርስ፣ እግራቸውን ታክሲው ደፍ ላይ አድርገው፣

«አካሉ፣ ድንጋይ በነጠላ ጠቅልለህ ብትወረውረው ምን ይሆናል?» አሉት።

«ይፈነክታል፣ አባ።»

«ነጠላውስ?»

«ይቆሽሻል» አለ አካሉ፤ ገባው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው እውነተኛው ጾም የጀመረው። አካሉ ወደ እያንዳንዱ ሰው ሄዶ በዝግታ ማነጋገር ጀመረ። «ወንድሜ፣ ተራህ ከእሳቸው ቀጥሎ ነው።» «እናቴ፣ ይቺ ልጅ ቀድማዎት ነው የመጣችው።» ሥራው በእጥፍ ከበደው፤ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሰልፉ ግን ቀጥ አለ። እኛም የስድቡ ነገር ቀረብን ብለን ትንሽ ቅር አለን እንጂ፣ ሥራችን ላይ በሰዓቱ መድረስ ጀመርን።

ነሐሴ አጋማሽ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ የመምሬን ጃንጥላ ገለበጠው። መምሬ ከጃንጥላው ጋር ትግል ገጠሙ፤ ራሳቸውም ሳቁ፣ ሰልፉም ሳቀ። ለይኩንም ሳቀ፤ ግን አፉን በመዳፉ ከድኖ። አካሉ ይህን አየ።

ማታ ዲንቄ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ለይኩን ጥርሱን ያመዋል እንዴ? ሲስቅ አፉን ይሸፍናል» አላት።

«ያ አካሉ» አለች ዲንቄ፤ ስትገረም እንደ ቤተሰቦቿ በኦሮምኛ ነው የምትጠራው። «አሁን ነው ያየኸው? አንተ እንደዚያ ካልከው ወዲህ እኮ ነው። ጓደኞቹ ‹ሰልፍ የለሽ› ነው የሚሉት። በእህቱ ሠርግ ፎቶ እንኳ ከንፈሩን ገጥሞ ነው የቆመው፤ እናቱ ነግራኛለች።»

«ምን ብዬው?»

ዲንቄ ቀና ብላ አየችው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብላ ያን ቀን ስለ ጥርሱ ያለውን ነገረችው።

አካሉ ከምስሩ ጠጠር አንስቶ እያገላበጠ፣ «ይሄ እኮ ከጾሙ በፊት ነው። መምሬ ያሉኝ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ነው» አለ።

«እውነትህን ነው» አለች ዲንቄ። «ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ነው።» ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ነጩ ልብስ ተሰፍቶ አልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

በማግስቱ አካሉ ለይኩን ወንበሩ ላይ ሳለ በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው አድርጎ፣ «በዚያች ነገር ይቅር በለኝ» አለው።

ለይኩን መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ፣ «ጋሽ አካሉ» አለ፣ «ስትሰድበኝ በሰልፉ ፊት ነው። ይቅርታ ስትለኝ በጆሮዬ?» ተራው ደርሶ ነበርና ነድቶ ሄደ።

አካሉ እንደነገረኝ፣ ያን ቀን ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ይህንኑ ሲያሰላ ዋለ። ነገ ጾሙ ያልቃል። መምሬ ስለ ለይኩን አያውቁም፤ ዲንቄም ደግማ አላነሳችም። ዝም ቢል ከመቁረብ የሚከለክለው የለም። «ግን እንዴት ብዬ ነው አፌን የምከፍተው» አለኝ፤ «ያው በሰደብኩበት አፍ እኮ ነው የምቀበለው።»

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን ጠዋት ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሶ ነበር። ፊት የቆመው የለይኩን ታክሲ ነው፤ ግማሹ ሰው ገብቷል፣ ለይኩን ወርዶ መስታወት ይወለውላል። አካሉ ከታክሲው ጎን ቆሞ፣ እስከ ድልድዩ በሚሰማው ድምፁ፣ «ስሙኝ» አለ። ሁላችንም የለመድነው ስድብ ተመለሰ ብለን ጆሯችንን አቆምን።

አካሉ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸከመ፤ እንደ ጥንቱ ይቅርታ ለማኝ። «ይህን ልጅ እዚሁ፣ እናንተ ፊት በጥርሱ ሰድቤዋለሁ። ጥርሱን የሠራው እግዚአብሔር ነው፤ የሰደብኩት የማንን ሥራ እንደሆነ አላሰብኩም። ሰምታችሁ የሳቃችሁ ሁሉ ይህንንም ስሙልኝ። ለይኩን፣ ስለ እመቤታችን ይቅር በለኝ።»

ሰልፉ ጭጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ታክሲው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

አካሉ ያነሳው ድንጋይ የለይኩን ታኮ ነበር።

ውስጥ ያሉት ሴቶች የሚያውቁትን ቅዱስ ሁሉ ጠሩ፤ ከኋላ ያለነውም ወደ ጎን ተበተንን። ለይኩን ጨርቁን ጥሎ ዘሎ ገባና ፍሬን ያዘ። ታክሲው ቆመ። ለይኩን አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ አካሉ ድንጋዩን እንደተሸከመ አንዴ ጎማውን፣ አንዴ ሰልፉን እያየ ቆሟል። ያን ጊዜ ለይኩን ሳቀ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ስለነበር አፉን የሚሸፍንበት አልነበረውም፤ የተደራረቡት ጥርሶቹ ሁሉ ወጡ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሽ አካሉ» አለ ሳቁ እያቋረጠው። «አሁን ታኮዬን መልስ፤ እግሬ ዛለ።»

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ሥራ ነበረኝና እኔ ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ከእንጦጦው ቤተ ክርስቲያን በባሕር ዛፉ መሐል ይወርዳል። አካሉና ዲንቄ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እንደ ቆራቢ ደንብ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ጎን ለጎን መጡ። ለይኩን ታክሲው ላይ ተደግፎ ቆሞ፣

«ጋሽ አካሉ፣ ዛሬ ደግሞ ተራው ያንተ ሆነ?» ብሎ ጥርሱን ገልጦ ሳቀ። የአካሉ ዓይኖች ከነጠላው በላይ ሳቁ።

በዚህ መሐል አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሰልፉን አልፎ የታክሲውን በር ያዘ። ሁላችንም ወደ አካሉ ዞርን። ዲንቄም ክንዱን ያዝ አደረገችው። አካሉ ነጠላውን ከአፉ ሳያነሳ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው የሰልፉን መጨረሻ አሳየው።

ሰውዬው በሩን ለቆ ወርዶ ከእኔ ኋላ ቆመ።