ፍሬኑ ውስጥ የገባው ንፋስ

ታናሽ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ደብረ ሲና ማስገባታቸውን በሰማን ማግስት፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ከአንዲት የመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክል ጋር ተፋጥጬ ነበር። ነገ ጧት ይጭኗቸዋል ተብሏል፤ ዛሬ ካልደረስሁ ዓይኑን አላይም። የሞተሯ ፍሬን ግን ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ፣ ሲጨብጡት እንደ በሰለ ፓፓያ ይሰምጣል።

«ለዳገት ፍሬን ምን ያደርጋል?» አልሁ።

«ስትመለስስ?» አለች እናቴ። «አንዱን መንግሥት ወሰደብኝ፤ ሌላውን ለገደል አልሰጥም!» ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ መቀነት ቁልፍ ከማውጣት ደርግን ከሥልጣን ማውረድ ይቀል ነበር።

ጎረቤታችን ባለ ወፍጮው መፍቻና አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ይዘው መጡ። እኔ እጀታውን ጨብጬ እይዛለሁ፤ እሳቸው ታች ያለችውን ቡሎን ሲያላሉ ዘይቱ አየሩን ይዞ ይወጣል፤ ቡሎኗ ስትጠብቅ ብቻ እጄን አነሳለሁ። ከሙቀቱ የተነሣ ጥላችን ራሱ ጥላ ፍለጋ እግራችን ሥር ተሸጉጧል።

«ያዝ!»

«ይዣለሁ፣ ጋሼ።»

«ለቀቅሁ!»

እኔም ለቀቅሁ። ቱቦው የቀወት ወረዳን አየር በሙሉ ፉት አለው።

«ምን ነካህ፣ አንት ልጅ! ቡሎኑን ለቀቅሁ አልሁ እንጂ ልቀቅ መች አልሁህ?»

«እንግዲያው ‹ከፈትሁ› ይበሉኛ!»

«ወላሂ፣ እኔ የምከፍተው ወፍጮ ቤቴን ነው!»

አፋቸው ልማዱን አልተወም፤ እጄም እንዲሁ። ዘይቱ ወደ ጠርሙሱ ቂጥ ወረደ።

«ንፋስ ከገባበት ዳማከሴ አሽቼ ላምጣ?» አለች እናቴ፣ ከልቧ። ጋሼ ሳቁ። እኔ ግን አምጪው ልላት ምንም አልቀረኝ።

በስንት መከራ እጀታው ጠጠር አለ። እናቴ ቋጠሮዋን ስትፈታ፣ ከደብረ ሲና በኩል ሸራ የለበሱ ካሚዮኖች እየተግተለተሉ ወረዱ። ነገ የተባለው ዛሬ ሆኖ ኖሯል። ሞተሯን አስነሥቼ ተከተልኋቸው፤ የወንድሜን ስም እየጮህሁ ጠራሁ። ከየሸራው ሥር መቶ ሰው «አቤት!» አለኝ። የእሱን ድምፅ መለየት አቃተኝ። የኋለኛው ካሚዮን ላይ የተቀመጠው ወታደር ጠመንጃውን አዞረብኝ። ፍሬኑን ጨበጥሁት፤ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ።

እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች።

«አየኸው?»

«አየሁት። ወፍሯል።»

«በሁለት ቀን?» አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም።