«ኢኒሚካል»ን ለጉባኤ ስንፈታ
በግቢያችን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከደብረ ብርሃን የመጣች ናት። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስለ ዕርቅ እንድትናገር በተጠየቀች ጊዜ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አስጨነቃት።

«አቦይ፣ ጽሑፉ ‹ቂም ለሰላም ኢኒሚካል ነው› ይላል። ‹ጠላት› ልበለው? ከሌላ ክልል መጥቼ፣ ከጦርነቱ በኋላ መቐለ ላይ ‹ጠላት› የሚል ቃል ባነሣ ማን ይሰማኛል?» አለችኝ።

ለዓመታት እንዳስተማርሁበት የጉባኤ ቤት ልማድ፣ ከፍቺው በፊት ቃሉ ስለ ማን እንደሚነገር ጠየቅኋት። ዛሬ ዛሬ ለሰው እምብዛም እንደማይነገር፣ ይልቁንም ውርጭ በቡቃያ፣ ጭስ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ዓይነት ጉዳት እንደሚገልጽ አስረዳችኝ።

«እንግዲያው ሰውን ከሚያሳስበው ‹ጠላት› ይልቅ ‹ፀር› በዪው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ነገር ግን መምህር ያልሰማው ንባብ ጉባኤ ፊት አይወጣም፤ አስቀድመሽ ለእኔ አንብቢልኝ።»

«ብሳሳት በአርጩሜ ሊገርፉኝ ነው?»

«እንደ ስሕተትሽ ነዋ።»

ሳቀች፤ ደጋግማም አነበበችልኝ።

እሑድ ዕለት ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ጀምራ፣ ረግታ ጨረሰች። ከጎኔ የተቀመጡት ጥቁር የለበሱ እናት፣ «ይህች የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የእኛ ግቢ ልጅ ናት» አልኋቸው።

እርሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው እንድትቀመጥ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።